ሙኒት የፈረደችው ፊልም

የሙኒት እናት መሞታቸውን በዚያ ቤት ከሙኒት በቀር የማያውቅ ሰው አልነበረም። ጉድ እኮ ነው! ሴቶቹ ሁሉ አርብን ጠብቀው፣ ከየማዳሞቻቸው ፈቃድ ለምነው፣ ዓረብ አገር፣ ደማም ከተማ፣ አል አዳማ ሰፈር፣ እትዬ አዳነች ቤት የተሰበሰቡት ለሷ ነው። በያይነቱ የተሠራው ለሷ ነው። ነጠላቸውን በየቦርሳቸው አጣጥፈው የያዙትም ለሷ ነው። እሷ ግን በሩ ላይ የተከመረውን ጫማ አይታ፣ «ውይ! ዛሬ ደግሞ የማን ሰርግ ነው? እትዬ አዳነች፣ ባልሽን ልትድሪው ነው እንዴ?» ብላ እየሳቀች ገባች። ሁሉም ሳቁ። ምን ያድርጉ፣ ካልሳቁ ሊያለቅሱ ነው።

አገር ቤት መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ዘመድና ጎረቤት በሩን ከብቦ፣ ሐዘንተኛው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ይደርሱበታል። ደማም ላይ ግን ማለዳው የማዳም ነው። ማለዳ ልጅ ለትምህርት ቤት ይለብሳል፣ ማለዳ ግቢ ይታጠባል፣ ማለዳ ማልቀሻ ጊዜ የለም። ስለዚህ እዚህ ያሉት ሴቶች መርዶን ወደ አርብ ከሰዓት አዛውረውታል። መጀመሪያ ሐዘንተኛዋን አጥግበው ያበሏታል፤ ከዚያ በሩን ዘግተው፣ መስኮቱን ዘግተው፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርገው ይነግሯታል። ቴሌቪዥኑ ለምን ቢሉ፣ ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ፖሊስ እንዳይጠራ ነው። የሰው አገር ለቅሶ እንዲህ ነው እንግዲህ።

ትንሳኤ ከሙኒት ጋር አንድ ቤት ነው የምትሠራው፤ ኮበር ከተማ፣ አል ዐዚዚያ ሰፈር፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ማዳም ዋርዳ ቤት። ወጥ ቤቱ የትንሳኤ ነው፤ ጽዳቱና ልጆቹ የሙኒት። የሚተኙት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» ትላለች። የሙኒት ወንድም መኳንንት ከደብረ ማርቆስ የደወለው ለዚህ ነበር ለትንሳኤ። «እማዬ አረፈች። አንቺ ታላቋ ነሽ፤ ሰው ሰብስበሽ እንደ ወጉ አርጂልኝ» አላት። እሺ አለች። እሺ ብላ ስልኩን ዘጋች፣ እንባዋን ጠረገች፣ ከዚያም ዝም አለች። አንድ አርብ አለፈ፤ ሌላውም፣ ሌላውም አለፈ። ሙኒት ወደ ቤት በደወለች ቁጥር «እማዬ ጸበል ገብታለች፣ ገዳሙ ስልክ አያስገባም» ትባላለች። እሷም «እሰይ! ያ እግሯ ይሻላት እንጂ ስልኩስ ይቅር» እያለች ደስ ይላታል።

ትንሳኤ ክፉ ሆና ነው? ኧረ አይደለም፤ እናት ሆና ነው። ልጇን ቃሊን ገና ፊደል ሳትቆጥር ለእህቷ ትታ ነው የወጣችው። ቃሊ አሁን በጥር መጨረሻ ልትዳር ነው። «እማ፣ ከመጣሽ ጉልበትሽን እስማለሁ። ካልመጣሽ የአክስቴን ስሜ እወጣለሁ፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት» አለቻት በስልክ። ተቆጥታ ብትል ኖሮ ይቀል ነበር፤ ረጋ ብላ ነው ያለቻት። ማዳም ዋርዳ ደግሞ ሕጓ አንድ ነው፤ አንዷ ሄዳ ሳትመለስ ሌላዋ አትሄድም። የትንሳኤ ቲኬት የእሑድ ነው። ሙኒት ዛሬ መርዶዋን ከሰማች ማዳም እግር ላይ መውደቋ አይቀርም። ማዳምም ታዝናለች፤ ለሞት የማያዝን የለም፣ ለሰርግ ግን ማን ያዝናል? መንገዱ ወደ ሙኒት ይዞራል፣ ትንሳኤ ሽንኩርቷን እየላጠች የልጇን ሰርግ በስልክ ታያለች።

መኳንንት የትንሳኤ ዝምታ ሲበዛበት ለእትዬ አዳነች ደወለ። እትዬ አዳነች ጴንጤ ናት፤ እነሱ የሚጾሙትን አትጾምም፣ ታቦታቸውንም አትሳለምም። ይሁን እንጂ ደማም ውስጥ ለሰርግም ለሐዘንም ሰው የሚሰበስበው የሷ ቤት ነው። ነገሩን ስትሰማ ደሟ ፈላ። በዚያ አርብ ሰዉ እንደተሰበሰበ ትንሳኤን እጇን ይዛ ኩሽና አስገባቻት።

«ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ? ከሷ ጋር እየተኛሽ፣ ከሷ ጋር እየበላሽ?»

«እትዬ፣ በሞቴ። እሑድ ልሂድ፤ ሰኞ ትነግሯታላችሁ።»

«ሰኞማ አንቺ ሄደሻል፣ እሷ በምን ትሄዳለች? ማዳምሽ እንደሁ ለሁለታችሁ የመውጫ ቪዛ፣ ኹሩጅ፣ አታስመታም። አርባቸው ሐሙስ ነው። ቀብሩ አለፋት፤ አርባቸውን እንኳ አታውጣ?»

«ልጄስ?»

«ልጅሽ በሕይወት አለች። ሌላ ቀን ታያታለሽ።»

«እናቷስ ሞተዋል። ሌላ ቀን ብታለቅስላቸው ምን ይጎድልባቸዋል?»

ይህን ያለችው ራሷ ትንሳኤ ናት። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ግን አልመለሰችውም።

እዚህ ላይ የሻንጣው ነገር ይነገር። ወደ አገር የሚሄድ ሰው ሻንጣው የራሱ አይደለም። ከሴቶቹ አንዷ መቲ፣ ለወለደችው እህቷ ብርድ ልብስና የሕፃን ወተት ትንሳኤ ሻንጣ ውስጥ ከትታለች። የእትዬ አዳነች ባል ፍጹም ለእናቱ የስኳር መድኃኒት ከትቷል። ከተሰበሰቡት ሴቶች አንዷም ባዶ እጇን የቀረች የለችም፤ ሽቶ ያላት ሽቶ፣ ጫማ ያላት ጫማ ልካለች። ትንሳኤ ካልሄደች ይህ ሁሉ ተመልሶ ወደ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን ልባቸው ከሙኒት ጋር ነበር፤ ዕቃቸው ግን ከትንሳኤ ጋር። ማናቸውም ይህን በአፋቸው አላሉትም።

ከሳሎን የፍጹም ድምፅ ተሰማ። ፍጹም በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። ድሮ ግን ደሴ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ፊልም ተርጓሚ ነበር፤ ማይክ ይዞ፣ ፊልሙ ፊት ቆሞ፣ የፈረንጁን ሁሉ አፍ በአማርኛ የሚያስከፍት። እዚህም አርብ አርብ ያንኑ ይሠራል። ስክሪኑ ላይ የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበበ ይተረጉማል፣ ሲያሻው ይጨምራል፣ ለተዋንያኑ የአማርኛ ስም ያወጣል።

«ዛሬ ያመጣሁላችሁ ፊልም ጉድ ነው!» ይላል። «አንዷ ሙሽራ በሰርጓ ዕለት ጠዋት እናቷ ትሞትባትና ቤተሰቡ ሰርጉ እንዳይበላሽ...»

እትዬ አዳነች ጭልፋውን ጥላ ወጣች። «አንተ ሰውዬ! ጤና የለህም? ሌላ አጣህ?»

ፍጹም ክው አለ። ፍላሹ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ ከሥራ ባልደረባው ተውሶት፣ ያስቃል ሲሉት ነው ሳያየው ያመጣው።

«ምን አለበት?» አለች ሙኒት ትራሱ ላይ ተንፈላስሳ። «ሙሽራና ሬሳ ካለው ገና ወሬውን ስሰማ ወደድኩት። ክፈተው!»

ትንሳኤ በኩሽናው በር ቆማ ሰማቻት። አንድ ሐሳብ መጣላት፣ ክፉ ሐሳብ። እትዬ አዳነችን ሳበቻት።

«ተዪው። እሷ ትፍረድ።»

«ማን?»

«ሙኒት። ከፊልሙ በኋላ እንደ ልማዳችን ችሎት ይሰየማል አይደል? ዳኛዋ እሷ ናት። መደበቃቸው ጥፋት ነው ካለች፣ ይኸው በማርያም፣ እኔው ራሴ በአፌ አረዳታለሁ፤ ሰርጉም ይቅርብኝ። ደግ አደረጉ ካለች ግን እስከ ሰኞ አፋችሁን ትይዛላችሁ።»

እትዬ አዳነች ቀና ብላ አየቻት። «ሰው በራሱ ሐዘን ላይ ሳያውቅ ይፈርዳል?»

«ሲያውቅማ መች በትክክል ይፈርዳል።»

እትዬ አዳነች ሙኒትን ታውቃታለች። የሙኒት ምላስ ለውሸታም አይራራም፤ ባለፈው አርብ ሚስቱን የዋሸውን ሰውዬ በቁሙ እንዲቀበር ነው የፈረደችበት። ስለዚህ እርግጠኛ ነበረች። «እሺ» አለች። «በጌታ ፊት ቃሌ ነው። አንቺም በቃልሽ እንዳታፍሪ።»

በልተው አበቁ። ውሉም በሹክሹክታ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሄዶ ለፍጹም ሳይቀር ደረሰ። ሙኒትን አጎረሷት፣ አጎረሷት፣ «ኧረ በቃኝ! ልትሸጡኝ ነው እንዴ የምታሰቡኝ?» እስክትል ድረስ። ከዚያ መጋረጃው ተዘጋ፣ ፍጹም ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመ፣ ፊልሙ ተከፈተ።

አገሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ስሙን ማንም አልያዘውም። የሙሽራዋ እናት ጸጉር ቤት ገብተው፣ ጸጉር ማድረቂያው ቆብ ሥር እንደተቀመጡ ፀጥ ይላሉ። ጸጉር ሠሪዋ ያንቀላፉ መስሏት ሁለተኛውን እጃቸውን ጥፍር ትቀባለች። ፍጹም በሴት ድምፅ፣ «እማማ፣ ቀዩን ነው ሮዙን?» ሲል ሙኒት ትራሱን አቅፋ ተንከባለለች።

«መልሱላት እንጂ እማማ!» ትላለች። «ሰው ሲሞት ጥፍሩ እንዲህ ያምራል? እኔንም ስሞት ቀዩን!»

ሳቁ። መቲ ግን ሳቅ ብላ ጀምራ መሐል ላይ ድምፅዋ ጠፋ፤ ሳል አስመሰለችው።

ልጆቹና ባልየው ደረሱ። ተማከሩ። ለሙሽራዋ እንዳይነገር ተባለ። ሬሳውን የት ያድርጉት? የሰርጉን ኬክ የሚያመጣው ባለማቀዝቀዣ መኪና ውስጥ። እናትየው በኬክና በዓሣ መሐል ተቀመጡ። ሙሽራዋ «እናቴስ?» ስትል «ጫማዋ ጠቧት ልትቀይር ሄደች» ይሏታል፤ ቆይታ «እናቴስ?» ስትል «ስጦታውን ረስታው ተመለሰች» ይሏታል። አክስትየው የሟቿን ኮፍያ አድርገው ከሩቅ መኪና ውስጥ እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ሙሽራዋም በደስታ እጇን ስማ ትልክላቸዋለች።

«ኧረ ይቺ ሞኝ!» ሙኒት ጮኸች። «እናትሽንና አክስትሽን አትለዪም? እኔ እማዬን በጨለማ በሳሏ ነው የማውቃት!»

ፊልሙ ብቻ ነበር የሚጮኸው። ትንሳኤ ፊልሙን አላየችም፤ ስታይ የዋለችው የሙኒትን ፊት ነው። ስትስቅ ጎኗን ትይዛለች፣ እንባዋን በመዳፏ ትጠርጋለች። ትንሳኤ እንባውን ስታይ ተነስታ ልታቅፋት ይዳዳታል፤ ወዲያው ደግሞ «ሳቂ፣ ሳቂ፣ የኔ እናት፤ ደጉን ፍረጂልኝ» ትላለች በሆዷ። ሰው እንዲህ ነው፤ እያዘነ ይመኛል።

ፊልሙ እያለቀ ሲሄድ ፍጹም ማላብ ጀመረ። ሙሽራዋ በረዶ ፈልጋ የመኪናውን በር ልትከፍት ነው። ተከፈተ። እናቷን ኬኩ አጠገብ ተቀምጠው፣ ጥፍራቸው ተቀብቶ አየቻቸው። ቤተሰቡ ተሰልፎ መጣ። ሙሽራዋ ዞረች። አባቷ ፊት ቆማ አንድ ነገር ተናገረች፤ ጽሑፉ ከሥር ወጣ። ከዚያ ፊቱ ላይ እንትፍ አለችበት። ወንድሟ ላይ እንትፍ። አክስትየው ላይ፣ ኮፍያው ላይ፣ እንትፍ!

ፍጹም ጽሑፉን አነበበው። «ከዛሬ ጀምሮ የሞታችሁት እናንተ ናችሁ» ነው የሚለው። አፉን ከፈተ። ዓይኑ ትንሳኤ ላይ አረፈ። ትንሳኤ እጇን አገጯ ሥር አድርጋ፣ እየለመነች ትኩር ብላ አየችው። ፍጹም እናቱን አሰበ፣ መድኃኒቱን አሰበ።

«እግዜር ይስጣችሁ ነው የምትለው» አለ። «ቀኔን ስላላበላሻችሁብኝ እግዜር ይስጣችሁ።»

«እና ለምን ትተፋባቸዋለች?» አለች ሙኒት።

ፍጹም ምራቁን ዋጠ። «እ... እየመረቀቻቸው ነው። ምርቃት ነው።»

ሙኒት አጨበጨበች። «እንደኛው ናቸዋ! አያቴ ስትመርቀኝ ፊቴ ነበር የሚርሰው። እንትፍ እንትፍ፣ እደጊ ተመንደጊ! ፈረንጅም ያውቅበታል ለካ!»

ሌላ አገር የተወለደ ሰው ይህን አይሳሳትም። የሙሽራዋ ዓይን እሳት ነበር፤ ጥርሷ ተነክሷል። ሙኒት ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚወዷት ሽማግሌዎች ሁሉ ፊቷ ላይ ምራቅ እየረጩ ነው ያሳደጓት። ምራቅ ለሷ ክፉ ነገር አይደለም። መቲ ሆስፒታል ስታጸዳ እንግሊዝኛ ማንበብ ለምዳለች፤ ጽሑፉን አይታዋለች። ልትናገር ቀና አለች። ብርድ ልብሱና የሕፃኑ ወተት ትዝ አላት መሰለኝ፣ መልሳ አቀረቀረች። እትዬ አዳነች እንግሊዝኛ አታነብም፤ የባሏን ፊት ግን ታነባለች። አየችው። ፍጹም ቴሌቪዥኑን ለማጥፋት ጎንበስ አለ፣ ሲነሳም ወደሷ አልዞረም።

«ችሎት ይሰየም!» አለች ሙኒት። ብርድ ልብስ እንደ ካባ ደረበች፣ ሪሞቱን ያዘች፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ቂጢጥ አለች። «ከሳሽ!»

እትዬ አዳነች ተነሳች። ልማዱ ቀልድ ነው፤ ከሳሽ ሲያወራ ክንዱን እያወራጨ፣ እየፎከረ ነው። እሷ ግን እጆቿን አጣምራ ቆመች።

«ክቡር ዳኛ» አለች። «ልጅ እናቷን ማልቀስ መብቷ ነው። ሰርጉም ድግሱም የሌላ ሰው ነው፤ እናት ግን የራሷ ናት። ሁሉም እያወቀ እሷ ብቻ ሳታውቅ ስትስቅ ዋለች። ሳቋን አዩት፤ ማንም አላቋረጣትም። ከዚህ የባሰ ምን ውርደት አለ?»

«ኧረ እትዬ፣ ስታካብጂ!» ሙኒት ሳቀች። «ፊልም ነው እኮ! ልታለቅሺ ነው እንዴ? ተቀመጪ። ተከሳሽ!»

ትንሳኤ ተነሳች። ምላሷ ታዘዘላት።

«ክቡር ዳኛ፣ ሟችን የሚያስነሳ ቢኖር እኔም እከስ ነበር። የለም። ጠዋት ብትሰማ ማታ ብትሰማ እናቷ ያው ናቸው። እነዚህ ሰዎች የቀበሩት ነገር የለም፤ ያቆዩት ነው። አንድ ቀን አቆዩላት። በዚያ ቀን ደግሞ አንዲት ልጅ ተዳረች። ዳኛዬ፣ እናትየው ራሳቸው አፍ ቢኖራቸው ምን ይሉ ነበር? ሰርጉ ይፍረስ ይሉ ነበር? እናት እኮ ናቸው!»

መጨረሻውን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ከልቧ ነበር፤ የምታስበው ግን ስለ ሙኒት እናት አልነበረም፣ ስለራሷ ነው። ሙኒት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋን ተወት አድርጋ አሰበች።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ሙኒት። «እኔ እንኳ አፌን ከፍቼ ሁሉንም ልሰቅላቸው ነበር። ውሸታም ነፍሴ አይወደውም። ግን ባለጉዳይዋ ራሷ መርቃቸዋለች! እግዜር ይስጣችሁ ብላለች። እሷ ይቅር ካለች እኔ ምን ቤት ነኝ?» ሪሞቱን ሶፋው ላይ መታች። «ተከሳሾች በነፃ ተሰናብተዋል! ሙሽራዋም ስትጨፍር ትዋል። እኔም ብሆን ደብቁኝ! ልጨፍር፣ ልብላ፣ ከዚያ ትነግሩኛላችሁ።»

አንድም ሰው አላጨበጨበም።

«ምነው? አስቀየምኳችሁ እንዴ?» ሙኒት ዞር ዞር ብላ አየቻቸው። «ማን ሞተባችሁ?»

መቲ ፊቷን በእጇ ሸፍና እየተንሰቀሰቀች ወጣች። ሙኒት ከኋላዋ እየጠቆመች በሳቅ ፈረሰች። «ይቺ ደግሞ ለፈረንጅ ሬሳ ታለቅሳለች! እናንተ፣ ያዟት፣ ነጠላ ስጧት!» ነጠላው በየቦርሳው ነበር። ማንም ቦርሳውን አልነካም።

ትንሳኤ እትዬ አዳነችን አየቻት። እትዬ አዳነች ቃሏን ሰጥታለች፤ ለዚያውም በጌታ ፊት። «ኸላስ፣ አበቃ» አለች ዝግ ባለ ድምፅ፣ እንደ ማዳሞቹ። «ፈርዳለች።» ከዚያ ሙኒትን አቅፋ ሳመቻት፤ ሳመቻት፣ ሳመቻት፣ አልለቃት አለች። ሌሎቹም ተራ በተራ እየመጡ አጥብቀው ሳሟት፤ ሙኒት ደግሞ «እኔ ነኝ እንዴ ወደ አገር የምሄደው? ተሳስታችኋል፣ ትንሳኤን ነው የምትስሙት!» እያለች አንድ በአንድ ጉንጯን ሰጠቻቸው። ትንሳኤን የሳማት አልነበረም።

የማዳም ሾፌር ኑርዲን በመኪና ወደ ኮበር መለሳቸው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሙኒት መንገዱን ሙሉ ፊልሙን ለኑርዲን በአረብኛ ስትተርክለት ሄደች። ትንሳኤ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየች። ልቧ ውስጥ ደስታ ነበር፤ እንዴት ይካዳል? ቃሊን በነጭ ቀሚስ፣ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ስትስም አየቻት። ደስታው ግን ሙሉ ሆኖ አልመጣላትም።

ቤት ሲገቡ ማዳም ዋርዳ ሳሎን ተቀምጣ ነበር። ሁለቱም ፓስፖርቶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። «ኑ እስቲ» አለቻቸው። ማዳም ዋርዳ ቁጡ ናት እንጂ ሰው አትበድልም፤ ይህን ሁለቱም ይመሰክሩላታል።

«ሙኒት፣ ያንቺም ኮንትራት አልቋል» አለች። «ተራው የሁለታችሁም ነው። እኔ ለትንሳኤ ሰጥቼ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አንቺን አልጠየቅሁሽም። ቲኬቱ ገና ይቀየራል። ቤት ውስጥ የሚያስቸኩልሽ ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ፣ አንቺ ትሄጃለሽ። ነገ ብትነግሪኝ አልሰማሽም።»

ትንሳኤ ቆማለች። ከሙኒት አጠገብ፣ ትከሻ ለትከሻ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። በማርያም የማለችው ለፍርዱ ነው እንጂ ለዚህ አልነበረም፤ ማንም አልከለከላትም፣ አፏም አልታሰረም። ማዳም እንኳ ወደሷ ዞር ብላ አየቻት፤ የሆነ ነገር ፊቷ ላይ አይታ ይሆናል። «ትንሳኤ፣ ሙሽኪላ አለ?»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ማዳም» አለች ትንሳኤ፤ ምንም ችግር የለም ማለቷ ነው።

«ማፊ» አለች ሙኒትም እየሳቀች። «እሷ ትሂድ። ልጇ ሙሽራ ናት። የኔ እናት የት ትሄድብኛለች? ትጠብቀኛለች።»

ማዳም የትንሳኤን ፓስፖርት አነሳችና ሰጠቻት። የሙኒትን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት።

ክፍላቸው ሲገቡ ሙኒት በሩን በእግሯ ዘጋችው። ትንሳኤን አንገቷን አቀፈቻት፣ በሁለት እጇ ፊቷን ያዘቻት፣ «እንኳን ደስ አለሽ፣ የሙሽራ እናት!» አለቻት። «እኔ እዚያ የለሁም፣ ድምፄን ግን ይዘሽልኝ ትሄጃለሽ።» ከዚያ ማዳም እንዳትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እልልታዋን ለቀቀችው። አንዴ ለቀቀችና ቆም ብላ ጠበቀች።

«ምን ሆነሻል? ተቀበይኝ እንጂ! እልልታ ብቻውን ይቀራል?»

ደብረ ማርቆስ ለሐሙሱ አርባ ጠላው እየተጠመቀ ነበር፤ ትንሳኤ ይህን ታውቃለች። ሙኒት ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗ እየሳቀ ትጠብቃታለች። እንደገና እልል አለች።

ትንሳኤም አፏን ከፍታ ተቀበለቻት።